ያልተበሳ ጎማ

ጎንደር ውስጥ ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ያየ ሰው ወይ ይስቃል ወይ ይመክራል። እኔን የሰለቸኝ ሳቁ ሳይሆን ምክሩ ነው። አንዱ ቀሚስሽ ካቴናው ውስጥ ይገባል ይለኛል፣ ሌላው ዳገቱ ልብሽን ያፈርሰዋል ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ እንዲህ ሆነሽ ባል አታገኚም ብሎ ያዝንልኛል። ለሦስተኛው "እሱንማ ብስክሌት ሳልይዝም አላገኘሁትም" እያልኩ አልፈው ነበር። ምላሴ ስለት ናት ይሉኝ ነበር። አሁን ግን ለማንም አልመልስም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እናንዬ እባላለሁ። በዚያን ጊዜ አዘዞ ተከራይቼ እየኖርኩ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። የሙሽራ ብጉር አጠፋለሁ፣ ለመታወቂያ የተነሳውን ሰው ኮሌታ አስተካክላለሁ፣ የሟች ፎቶ አጉልቼ ለአርባ አዘጋጃለሁ። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጅ አንድ ቀን ታይቶ ሳምንት መሰወር ሲጀምር ከአዘዞ ፒያሳ በእግር መመላለስ ጉልበቴን ጨረሰው። አንድ ቀን አርፍጄ ስገባ አለቃዬ ሰዓቱን ሳይሆን ጫማዬን አየ። ጫማዬ አፉን ከፍቶ ነበር። ብስክሌት ለመግዛት የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ብስክሌት የሚጠግኑና የሚሸጡ ጋሼ ኑሩ የሚባሉ ሰው አሉ። አያታቸው ጨርቅ ነጋዴ፣ አባታቸው ጨርቅ ነጋዴ፤ እሳቸው ብቻ ከቤተሰቡ ወጥተው እጃቸውን ግሪስ ያስነኩ ናቸው። ሁለት ብስክሌት አወጡልኝ። አንዱ አልሙኒየም ነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ ከፊትም ከኋላም ማርሽ የተደረደረበት። ሌላው ጥቁር የብረት ብስክሌት ነው፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ ካቴናው የሚጠመጠምበት ጥርስ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ በቃ። እኔ በእርግጥ ዐይኔ የሚያብረቀርቀው ላይ አረፈ።

"የት የት ልትሄጂበት ነው?" አሉኝ።

አዘዞና ፒያሳ፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አባቴ ዘንድ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ አልኳቸው። ጋሼ ኑሩ ይህን ሲሰሙ አልሙኒየሙን ገፍተው ከግድግዳው አስጠጉት።

"እሱ ማርሹ አንዴ ከተጣመመ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ከተሰበረ ደግሞ የሚበይድልሽ የለም። ይኼኛው ቴላዮው፣ አጥንቱ ማለቴ ነው፣ ብረት ነው፤ ቢሰበር በር የሚበይድ ሰው ያለበት ገጠር ሁሉ ይጠገናል። ግን አንድ ዓመል አለው፤ ሳልነግርሽ አልሸጥልሽም።"

ዓመሉ ይህ ነበር። ፔዳሉን ስታቆሙ ጎማው በራሱ እንዲሽከረከር የሚያደርገው የኋላው ጥርስ ውስጡ ተበልቶ ነበር። መንገድ ስለተዘጋ ምትኩ እስኪመጣ ጋሼ ኑሩ ጥርሱን ከጎማው ጋር በብየዳ አጣብቀውታል። ስለዚህ ጎማው ከዞረ ፔዳሉም ይዞራል፤ ዳገት ይሁን ቁልቁለት እግር አያርፍም። ታዲያ ይኼ ምኑ ይገዛል ብላቸው የሚበላሽ ነገር የሌለው ነገር ይገዛል አሉኝ። ጥቁሩን ገዛሁት።

የመጀመሪያው ሳምንት የውርደት ሳምንት ነበር። እግሬን ላሳርፍ ብዬ ባቆምኩ ቁጥር ፔዳሉ ከታች ገፍቶ ከኮርቻው ያነሳኛል። አንድ ቀን ባንክ በራፍ ላይ በግንባሬ ተደፋሁ፤ ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ያውጣሽ እያለ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ገባኝ። ዳገት ላይ ጉልበቴ ሲዝል ጎማው ራሱ ፔዳሉን ይዞልኝ ያልፋል፤ ፍጥነቴን በእግሬ እይዘዋለሁ። ይህን ብስክሌት ወደድኩት። ሰው ብረት ይወዳል ወይ ብትሉኝ፣ ይወዳል።

አባቴ መጀመሪያ ያየው ቀን ገበያ ላይ በሬ እንደሚያይ ሰው ዞረው። ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ መሪውን ያዘ፣ ካቴናውን ቀስ ብሎ ነካና ጣቱን አሸተተ። "ሸጋ ነው" አለ። "አይበላ፣ አይጠጣ። ሲደክመው ግን እንዴት ታውቂያለሽ?" አይደክመውም አልኩት። "እንግዲያው አንቺ ነሽ የምትደክሚ" ብሎ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ጥቂት ነው፤ የዚያን ቀኑን አስታውሰዋለሁ። የመጨረሻ ልጁ ነኝ። ታላቄ አበባ ከባሏ ከሞገስ ጋር እሱው ዘንድ ነው የምትኖረው፤ ስልክ የሚሠራው ከቤታቸው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው ነገሩ የሆነው። መኪና ከቆመ ሰንብቷል፤ በእግር የሚሄድና ከብት የሚነዳ ብቻ ነበር የሚያልፈው። ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ አበባ ደወለች። ንፋስ ድምጿን ይወስደዋል፤ ጉብታው ላይ ናት ማለት ነው።

"አባታችን አሞታል። እናንዬን ጥሩልኝ ይላል። ድረሽ።"

"አበባ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አለ?"

"አለ፣ አለ፣ ድረ..." አለችና መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል፣ ደግሜ ብደውል የለም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የዚያ አገር ስልክ ጭራሽ ጠፋ።

እናንተ አገሩን ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሞተ ተብሎ አይደወልም። አሞታል፣ ነይ ይባላል። ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ማልዶ መርዶ ይነገራል፤ ሰው ብቻውን መንገድ ላይ ደንግጦ እንዳይወድቅ፣ የሚይዘው እጅ አጠገቡ እንዲኖር። ደግ ልማድ ነው። ስለዚህ ፎቶ ቤቱ ውስጥ "አባቴ ታሟል" ስል ሁሉም ሥራውን አቆመ። አለቃዬ ሂጂ፣ ስለ ሥራው አታስቢ አለኝ፤ ከወትሮው የለሰለሰ ነበር። አብራኝ የምትሠራው ሶስና አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ቦርሳዬን አዘጋጅታ የሰጠችኝም እሷ ናት።

እኔ ግን አላመንኳቸውም። ያባቴን መሞት አላመንኩም። የአበባ ድምፅ ይቸኩል ነበር፤ ሬሳ ያለበት ቤት ምን ያስቸኩለዋል እያልኩ ከፒያሳ ወጣሁ።

ወደ ኮሶዬ የሚያስወጣውን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። በአንድ ጥርስ የምችለውን ያህል ቆሜ መታሁት፣ ያልቻልኩትን ወርጄ ገፋሁት። ጭጋጉ ወርዶ ልብሴን አረጠበው። ቁራሽ ዳቦ ልፈልግ ቦርሳዬን ብከፍት ከላይ ተጣጥፎ የተቀመጠ ጥቁር ነጠላ አገኘሁ። ሶስና ናት። መንገዱ ዳር ቆሜ ነጠላውን ብዙ አየሁት። ልወረውረው አስቤ መልሼ አጠፍኩትና ከታች ከተትኩት።

ከኮሶዬ አለፍ እንዳልኩ ፍተሻ ላይ አስቆሙኝ። አንዱ ወጣት ብስክሌቱን ዞሮ አየና ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። አባቴ ታሞ ነው አልኩት። ኮፍያውን አወለቀ።

"እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ" አለኝ።

"አልሞተም። ታሞ ነው ያልኩህ።"

"እሽ። ታሞ ነው" አለና ዐይኑን ወደ ገደሉ መለሰ። ገመዱን ዝቅ አድርጎ አሳለፈኝ። ከዚያ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ለንግድ ነው የምሄደው እያልኩ ዋሸሁ።

አምባ ጊዮርጊስ ስደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፤ ከተራራው በኩል ደመና ቆሟል። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱን ትንሽ ይዤ ወደ ጥርጊያው መንገድ ከታጠፍኩ በብስክሌት ሳይጨልም አባቴ ደጅ እደርሳለሁ። በእግር ግን ይመሻል። አልቆምም ብዬ ነበር። ከተማው መውጫ ላይ ግን አያ መኮንን ጋቢውን ለብሶ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁት። አያ መኮንን ያባቴ የአጎት ልጅ ነው፤ እናቴ ስትሞት ለእኔ መርዶ ያረዳኝ እሱ ነው። ሳየው ከብስክሌቱ ወረድኩ።

ምን እንደሰማ ጠየቅኩት። ከእኛ ሰፈር ገበያ የመጣ ሰው አባትሽን አሞት ተኝቷል፣ አንቺንም አስጠርቷል ብሎኛል አለኝ። ግቢ፣ እህል ቅመሺ፣ ውሃ ጠጪ አለኝ። አልገባም ብል ደጄን ረግጠሽ ልታልፊ ነው ወይ አለ። ለአንድ ጉርሻ ያህል ብዬ ገባሁ። ብስክሌቱን ከነቦርሳው በረንዳው ላይ አስደገፍኩት።

ሚስቱ እትዬ ብርቄ እግሬን ካላጠብኩ አለች። ምግቡ ዘገየ። ጎረቤት አንድ ሁለት እያለ ገብቶ ሰላም እያለኝ ዳር ዳር ይቀመጥ ጀመር። አያ መኮንን ወጥቶ ቆየና ተመለሰ። እኔ ልነሳ አልኩ። ዝናብ መጥቷል፣ ነገ ማልደን አብረን እንሄዳለን አለኝ። አይሆንም ብዬ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ ተኝቷል።

እሾህ ነው ብዬ በጣቴ ዞርኩት፤ ምንም የለም። የተቀደደ፣ የተበሳ የለም። ቀና ስል የአየር ማስገቢያዎቹ ሁለት ክዳኖች ኮርቻው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያስተነፈሰው ሰው እንዳይጠፉብኝ ተጠንቅቆ ነው ያስቀመጣቸው። የጎማ መንፊያዬን ከቦርሳው ፈለግኩ፤ የለም። ሌባ ቢሆን ኖሮ ጥቁሩን ነጠላ ይወስድ ነበር፤ ነጠላው አለ።

አያ መኮንን በሩ ላይ ቆሟል።

"አያ፣ ሞቷል?" አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ነገ ማልደን አብረን እንሄዳለን፣ ልጄ" አለ።

እዚያው በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ከጎንደር ጀምሮ ሶስናን አላመንኩም፣ ፈታሹን አላመንኩም፣ ገደሉን ሙሉ አለ፣ አለ እያልኩ ፔዳል መታሁ። እነዚያን ሁለት ክዳኖች ግን አመንኳቸው። አያ መኮንን ካላወቀ ጎማ አያስተነፍስም። እግር ነበረኝ፤ ጨለማ ቢሆንም፣ ዝናብ ቢሆንም በእግሬ መሄድ እችል ነበር። የሞተ ሰው ግን የትም አይሄድብኝም ብዬ ተቀመጥኩ። እትዬ ብርቄ መጥታ ስትይዘኝ እያለቀስኩ ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ።

ሲነጋ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ጥቁሩን ነጠላ ራሴ አውጥቼ ለብሼ ጠበቅኳቸው። የነፍስ አባት የሆኑ አንድ ሽማግሌ ቄስ ዓለም ኃላፊ ጠፊ ናት ብለው ጀመሩ፤ ማንም ከመሬት አይቀርም አሉ፤ አባትሽ ደግ ሰው ነበረ አሉ። "ነበረ" ሲሉ ቤቱ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። እትዬ ብርቄ ሙሾ ያዘች፤ ያባቴን ስም፣ ያባቴን በሬ፣ ያባቴን ገበታ እየጠራች ታስለቅሰን ጀመር።

ለቅሶው እንደደራ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ሞገስ ነው፣ የአበባ ባል። ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ለቅሶውን ሲሰማ ከበቅሎዋ ወርዶ፣ ልጓሙን ጣል አድርጎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ እኛ መጣ። ዐይኑ እንባ አቅርሯል። አያ መኮንንን በትከሻው ያዘውና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀው።

"እግዜር ያጥናችሁ። ማን ሞተባችሁ?"

ሙሾው አፍ ላይ ቆመ። ሞገስ አንድ በአንድ እያየን ሄዶ እኔ ላይ ደረሰ፤ ጥቁሩን ነጠላ አየው።

"እናንዬ? ምነው ቀረሽ? ከትናንት ጀምሮ ዐይኑ በር ላይ ነው። እንዲያው ምን ሁና ነው ብሎ እኔን ላከኝ።"

"አለ?"

"ዶሮ ሲጮህ ትቼው መጣሁ። ትንፋሹ አጥሯል። ግን አለ፤ ይናገራል።"

ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠው ቆመው ቀሩ። አያ መኮንን ወደ ጓዳ ሮጠና ክንዱን እስከ ትከሻው የገብስ ጎታ ውስጥ አስገብቶ መንፊያዬን አወጣ፤ ገብስ እየተንጠባጠበበት ነው። ራሱ ተንበርክኮ ነፋ። የመንፊያው አፍ አሥር ጊዜ እየወጣበት አየሩ ያፏጭ ነበር። ልቀበለው ብል አይለቅም። "እኔ ነኝ የምነፋው" ይላል። "እኔ ነኝ።"

በቅሎዋ ከዶሮ ጩኸት ጀምሮ ጭቃ ስትረግጥ ደክማለች፤ ብስክሌቱ ይፈጥናል ብዬ ወጣሁ። አስፋልቱን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። ጥርጊያው መንገድ ግን ቁልቁለት ነው፤ ዝናብ አለስልሶታል። ፍሬኑን ስይዝ ጎማው ይንሸራተታል፤ ስለቀው ፔዳሉ ከእግሬ በላይ ይፈጥናል፤ እግሬን እየጎተተ ያሯሩጠኛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ወደቅኩ። ተነስቼ የፊቱን ጎማ በጉልበቶቼ መካከል ይዤ መሪውን አቃንቼ እንደገና ወጣሁበት። ድረስልኝ፣ ድረስልኝ እላለሁ፤ ለእግዜር ይሁን ለብስክሌቱ አላውቅም።

የመጨረሻው ጉብታ ላይ፣ አበባ ስልክ የምትደውልበት ቦታ ስደርስ ቁልቁል አየሁ። ሰዎች ከየማሳው ወደ ቤታችን እየሮጡ ነበር። ማንም ለቅሶ ቤት ካልሆነ በቀር እንደዚያ አይሮጥም። ብስክሌቱን ለቀቅኩት። በእግሬ ወረድኩ።

ስገባ ገና አልከፈኑትም። እጁን ያዝኩት፤ አልቀዘቀዘም። እየደጋገምኩ እጁን፣ ክንዱን፣ አንገቱን ነካሁ፤ ሁሉም ገና ሙቅ ነበር። ሰዎቹ ሊያነሱኝ ሲሞክሩ ሙቅ ነው እኮ፣ ሙቅ ነው እኮ አልኳቸው።

አበባ ከራስጌው ቆማ ደረቷን ትደቃለች። ግን በአንድ እጇ ብቻ ነው የምትደቃው፤ ቀኝ እጇን ጨብጣ ሆዷ ላይ ይዛዋለች። ያገሬው ሴቶች ምን ሆነች እያሉ ያዩዋታል። የተጎዳች መሰለኝ። እኔን ስታይ መጣችና የተጨበጠውን እጇን ከፊቴ አምጥታ ከፈተችው። ባዶ ነው።

"ሲነጋጋ እጅሽን አምጪ አለኝ" አለች። "እንትፍ እንትፍ ብሎ መረቀበት። ይችን ለእናንዬ አድርሽልኝ፣ እንዳታፈሽው አለኝ።"

ያባቴ ምርቃት ነበረ። መዳፏ ላይ ደርቆ ነበር። ግንባሬን አበሰችኝ፣ ጉንጬን አበሰችኝ፣ ከዚያ በሁለት እጇ ደረቷን እየደቃች ለቅሶዋን ጀመረች።

ኋላ ቀስ እያለች ነገረችኝ። ማታውን ሲዘንብ አባቴ "ብስክሌቷን ይዛ ነው የምትመጣ፤ ቁልቁለቱ ያንሸራትታልና አትጣደፊ በሏት" ይል ነበር። ሰው ላኩና ቀስ ብለሽ ነይ በሏት ይል ነበር። እኔ ያን ሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጬ እሱን አለቅስ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ጥፋተኛ ፈልጌ ነበር። ብዙ ወራት ፈለግኩ። አያ መኮንን የኔን መጠራት አይቶ ሞቷል አለ፤ ካልሞተ በቀር በተዘጋ መንገድ ሴት ልጅ አይጠሩም ብሎ አሰበ። ብቻዋን ሰምታ በዚያ ቁልቁለት ትከሰከሳለች ብሎ ፈራልኝ፤ እሱም እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ የሱን መደበቅ አይቼ ሞቷል አልኩ። ማንም ያወቀ አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ ያወረደው ክፉ ሰው ስለነበረበት አይደለም። በአርባው አያ መኮንን መጥቶ ነበር። ከሰው ኋላ ተቀመጠ፤ እህል አልነካም። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን ያዝኩት። አስታርቁን እንዳንል አልተጣላንም። ምነው ተጣልተን በነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ጥቁሩ ብስክሌት አሁንም አለኝ። አዘዞና ፒያሳ ያመላልሰኛል። የሚመክረኝን ሰው ፈርቶልኝ ነው ብዬ እሰማዋለሁና እሽ ብዬ አልፋለሁ። ከፎቶ ሥራው ግን የሟቾቹን ለሶስና ሰጥቻታለሁ።

ሰው ሁሉ ከዚህ ምን ተማርሽ ይለኛል። የታመመን ታሟል፣ የሞተን ሞቷል በሉ እላለሁ፤ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ሰምቶ ለማያውቀኝም ሁሉ እላለሁ። የሚቃወመኝ አላገኘሁም። ሁሉም እውነትሽን ነው ይላል። በዚህ ተጽናንቼ ኖርኩ።

በቅርቡ አከራዬ በድንገት ወድቀው ሆስፒታል ገቡ። መናገር አይችሉም፣ ግን ዐይናቸው ክፍት ነው፤ ሰው ሲገባ ሁሉ ወደ በሩ ያዩ ነበር። ማንን እንደሚፈልጉ አውቄዋለሁ። ባሕር ዳር ያለውን ልጃቸውን ደወልኩለት። ቃሎቼን መርጫለሁ። እናትህ በጠና ታመዋል፣ አልኩት፤ በሕይወት አሉ፣ አሁን ከአልጋቸው አጠገብ ሆኜ ነው የማወራህ፣ እጃቸውን ይዤ ነው፤ ዛሬውኑ ተነስ፣ ትደርስባቸዋለህ። ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚናገር ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሲያለቅስ ሰማሁት። አሉ እኮ፣ አልኩት። እውነቴን ነው፣ አሉ። ለቅሶውን ዋጥ አደረገና አመሰገነኝ፤ ስለ ደግነቴ አመሰገነኝ።

"ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ።